እጅ በኪስ

የሰው ልጅ ሕግ ማውጣት ከጀመረ ወዲህ ስለ አፍም፣ ስለ እግርም፣ ስለ ዓይንም ብዙ ደንግጓል። እጅን በተመለከተ ግን አትስረቅና አትማታ ከማለት ያለፈ ረቀቅ ያለ ሕግ ሳይወጣ ዘመናት አልፈዋል። ይህን ክፍተት የደፈነው የእኛ ማኅበር ነው። ባለፈው ሚያዝያ መጀመሪያ፣ በአሶሳ ከተማ፣ ከገበያው ከፍ ብሎ ባለው ትልቅ ማንጎ ሥር፣ አሥራ አራት የተከበሩ ሰዎች በሥራ ሰዓት እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ለማቆየት ወሰኑ። ድምፅ የሰጡት እጅ በማውጣት ነበር፤ ያም የመጨረሻው ሆነ። ከዚያ ወዲህ የምንስማማው በአገጭ ነው።

ቃለ ጉባኤውን የጻፍኩት እኔ፣ የማኅበሩ ጸሐፊ ነኝ። ስለዚህ የምነግራችሁ ሁሉ በማኅተም የተረጋገጠ ነው። ስብሰባ ቤት ውስጥ ሲሆን በር አጠገብ መቀመጥ እወዳለሁ፤ ለጽሕፈት ብርሃን ያስፈልጋል።

ማኅበራችን የቤት አገናኝ ባለሙያዎች ማኅበር ይባላል። ድሮ ደላሎች ነበርን። ያኔ ደንበኛ እንነጣጠቅ ነበር፣ ሸሚዝ እንቀዳደድ ነበር፣ አንዱ የያዘውን ቤት ሌላው ክርክር አለበት እያለ ያስወራበት ነበር። አገናኝ ባለሙያ ከሆንን በኋላ ይህ ሁሉ ቀርቶ በደብዳቤ ሆነ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ አሥራ አራት ደላላ ቢያብር ማንን እንደሚያስር ቀስ ብላችሁ ታያላችሁ።

ሰብሳቢያችን አቶ ታፈረ ናቸው። አቶ ታፈረ ያለ ጥቁር የቆዳ ቦርሳቸው ታይተው አያውቁም፤ ቦርሳው ውስጥ ያለውን ያየ ሰው ደግሞ የለም። ንግግራቸውን ሲጀምሩ “እንደሚታወቀው” ይላሉ፤ ቀጥለው የሚናገሩትን ከዚያ በፊት የሚያውቅ ሰው ተገኝቶ አያውቅም። ቤት ሲያሻሽጡ ግድግዳውን በዓይናቸው እየዳሰሱ “ይህ እኮ ቤት አይደለም፣ ርስት ነው” ሲሉ ገዢው አንዳንዴ እንባ ይተናነቀዋል። እኔ ራሴ ባለቤቱ እንባ ሲያፈስ አይቻለሁ፤ ቤቱ እንዲህ ያለ መሆኑን አያውቅም ነበር።

አስቸጋሪ ባልደረባ የሌለው ማኅበር የለም። የእኛ አስቸጋሪ ጋሽ ኪዳኔ ነው። ጋሽ ኪዳኔ በስድስት ዓመት ውስጥ አንድም ደንበኛ ነጥቆ አያውቅም፣ አንድም አባል ሰድቦ አያውቅም፣ ዋሽቶም አያውቅም። ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር አብሮ መሥራት ምን ያህል እንደሚከብድ በሙያው የቆየ ይረዳዋል። ይህም ሆኖ ማኅበሩ በትዕግሥት ይሸከመው ነበር። ማኅበሩን ከትዕግሥት ያወጣው የሰውየው አንድ ጣት ነው።

ጋሽ ኪዳኔ ደንበኛ ይዞ ቤት ሲገባ ምሰሶው ጋ ይደርስና በመሐል ጣቱ አንጓ አንዴ ያንኳኳል። አንዴ ብቻ። ጆሮውን ትንሽ ዘንበል ያደርጋል። ከዚያ ምንም ሳይናገር አልፎ ይሄዳል።

የአገራችንን ምስጥ የማያውቅ አንባቢ ካለ ላስረዳው። የእኛ ምስጥ ጨዋ ነው። ምሰሶ ሲበላ ከውስጥ ይጀምራል፤ ላዩን ለባለቤቱ ይተውለታል። በላዩ ላይ ጭቃ ሲመረግበት፣ በምርጊቱም ላይ ቀለም ሲቀባ ያማረ ቤት ይወጣዋል፤ ውስጡን ለቄስ። ደህናው ምሰሶ ሲንኳኳ “ኳ” ይላል። ምስጥ የጎበኘው “ቦፍ” ይላል። ይህን ልዩነት ለመስማት ምንም ትምህርት አያስፈልግም፤ የማኅበራችንም ችግር የመጣው ከዚህ ነው።

ጾሬ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ ሥራ ሊጀምር የመጣ አንድ የእርዳታ ድርጅት ሠራተኛ ነበር። ሁለት ዓመት ሊከራይ እስክሪብቶ አንስቶ ሳለ ጋሽ ኪዳኔ በምሰሶው አጠገብ አለፈ። ቦፍ። ሰውየው “ከሚስቴ ጋር ልማከር” ብሎ ወጣ። ሚስት አልነበረውም። ከጉባ የግድቡን ሥራ ጨርሶ የመጣ አንድ በያጅም እንዲሁ ከበር ተመለሰ፤ እሱ እንኳ አግብቶ ነበር።

አቶ ታፈረ ጋሽ ኪዳኔን ማንጎው ሥር አስጠርተው መከሩት። እኔም እጽፍ ነበር።

“የሰው ቤት ለምንድን ነው የምታበላሸው?” አሉት።

“እኔ ምን አልሁ?”

“ምንም አላልክም።”

“እና?”

“ምንም ሳትል ነው የምታበላሸው። ብትናገር እኮ መልስ ይሰጥህ ነበር።”

ጋሽ ኪዳኔ ጣቱን አየና “እጄ ነው” አለ። እኔ በኋላ ለብቻዬ ጠይቄዋለሁ። ከወሎ በሰፈራ ፓዌ ሲገቡ የስምንት ዓመት ልጅ ነበር። በሁለተኛው ክረምት፣ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናብ እየዘነበ፣ እናቱ ከውስጥ እያለች ቤቱ ወደቀ። እሱ ውጭ ጥጃ ሲያስር ነበር። “ምሰሶው እንጨት ይመስል ነበር” አለኝ። “ሲነሣ እንደ ገለባ ቀለለ።” ይህን ሲነግረኝ አንጀቴን በላው፤ አልዋሽም። ነገር ግን የግል ጉዳይ ስለሆነ ቃለ ጉባኤው ውስጥ አልገባም።

ማኅበሩ ጉዳዩን በሥልጣኔ ሊፈታው ስለፈለገ ከአዲስ አበባ አሠልጣኝ አስመጣ። ሥልጠናው “ከአስቸጋሪ የሥራ ባልደረባ ጋር ሙያዊ በሆነ መንገድ ስለ መሥራት” የሚል ሲሆን ሁለት ቀን ፈጀ። አሠልጣኙ በመጀመሪያ ወረቀት አድሎ እያንዳንዱ አባል በጣም የሚያስቸግረውን እንዲጽፍ አዘዘ። አሥራ ሦስታችን “ኪዳኔ” ብለን ጻፍን። ጋሽ ኪዳኔ “ምስጥ” ብሎ ጻፈ። አሠልጣኙ ምስጥ የተባለው አባል እጁን እንዲያወጣ ጠየቀ፤ ያወጣ አልነበረም።

ከሥልጠናው ሁለት ታላላቅ ትምህርቶች ወሰድን። አንደኛው፣ ባልደረባ ሲያናድድ ድምፅን ከፍ ከማድረግ ይልቅ “ስሜትህን እጋራለሁ” ማለት ነው። ሁለተኛው፣ ሰውየውን ትቶ ድርጊቱን መቃወም ነው። የመጀመሪያውን ወዲያው ሥራ ላይ አዋልነው። በሳምንቱ ሁለት አባላት በአንድ ተከራይ ተጣልተው ስሜት ሲጋሩ ዋሉ፤ እስከ ምሳ ሰዓት ተጋሩ፤ ከምሳ በኋላም ቀጠሉ። ሙርሳል የተባለው አባላችን፣ የበርታ ሰው ነው፣ ጥላው ሥር ተቀምጦ ሲያያቸው ቆየና አንገቱን ነቀነቀ።

“ወላሂ ድሮ ይሻላል” አለ። “ድሮ ሰው ይሰድባል፣ ያልቃል። አሁን ስሜት ይጋራል፣ አያልቅም።”

ሁለተኛው ትምህርት ሥራ ላይ የዋለው በየሺሀረግ ምክንያት ነው።

የሺሀረግ አዋላጅ ነርስ ናት። ከፓዌ ወደ አሶሳ ተዛውራ ስትመጣ እናቷን እማማ የዝናን ይዛ መጣች። እማማ የዝና እግራቸው አይታዘዝላቸውም፤ ከወንበር ተነሥተው በር ለመድረስ ዳዊት የሚያስደግም ጊዜ ይፈጅባቸዋል። አከራዩ ቤቱን ለልጄ ሰርግ እፈልገዋለሁ ስላላት እስከ ሚያዝያ መጨረሻ መልቀቅ አለባት። ከዚያ በኋላ ዝናቡ ይገባል፤ እኛ አገር ዝናብ ከገባ እስከ ጥቅምት አይወጣም። ለአሥር ዓመት ያጠራቀመችው ለአንድ ቤት ይበቃል፤ ለሁለተኛ ቤት አይበቃም። ጋሽ ኪዳኔን ከፓዌ ጀምሮ ታውቀው ስለነበር ቤት ፈልግልኝ አለችው።

በእኛ ሥራ ደንበኛውን አንዱ ያመጣል፣ ቤቱን ሌላው ያቀርባል። ቤት ያቀረቡት አቶ ታፈረ ነበሩ። ሦስት ክፍል፣ ሮዝ ቀለም፣ ደጁ ላይ ሁለት ማንጎ። የሺሀረግ ገና ከበሩ ወደደችው። እናቷ ከመኝታ ክፍል ሆነው ማንጎው ይታያቸዋል። አቶ ታፈረ “ይህ እኮ ቤት አይደለም” ብለው ጀምረው “ርስት” ወደሚለው እየሄዱ ሳለ ጋሽ ኪዳኔ ምሰሶው ጋ ደረሰ።

ቦፍ።

የሺሀረግ ዞር ብላ “ምንድን ነው?” አለች። ጋሽ ኪዳኔ ዝም አለ። አቶ ታፈረም ዝም አሉ። በቤቱ ውስጥ ያለው ሁሉ ዝም ሲል ደግሞ ሴትየዋ አዋላጅ ናት፤ ዝምታን ማዳመጥ ሥራዋ ነው። አስብበታለሁ ብላ ወጣች።

በማግሥቱ አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ። አቶ ታፈረ እንደሚታወቀው ብለው ጀመሩ። ማንኳኳት የቤትን ሥነ ልቦና እንደሚጎዳ፣ በሠለጠኑ አገሮች ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ምሰሶ መንካት እንደማይቻል አብራሩ። ጋሽ ኪዳኔ መጽሐፉ እንኳ አንኳኩ ይከፈትላችኋል ይላል ብሎ ሲከራከር፣ አቶ ታፈረ መጽሐፉ ስለ በር እንጂ ስለ ምሰሶ እንዳልተናገረ አስረዱት። አንድ አባል ኪዳኔ ብቻ እንዲከለከል ሐሳብ አቀረበ። ሰብሳቢው አልተቀበሉትም፤ ሥልጠናው ሰውየውን ትተን ድርጊቱን እንድንቃወም አስተምሮናል። ስለዚህ ሁላችንም ተከለከልን። አንቀጽ ዘጠኝ እንዲህ ይላል፦

“ማንኛውም አባል በሥራ ሰዓት፣ በተለይም ለሽያጭ ወይም ለኪራይ በቀረበ ቤት ውስጥ፣ እንዲሁም በማኅበሩ ስብሰባ ላይ፣ ሁለቱንም እጆቹን ኪሱ ውስጥ ያደርጋል። በር ለመክፈት አንድ እጅ እስከ አንድ ደቂቃ ሊወጣ ይችላል። ጸሐፊው በሚጽፍበት እጅ ብቻ ነጻ ነው።”

በአፈጻጸም ላይ አንድ እንቅፋት ገጠመን። የጋሽ ኪዳኔ ሱሪ ኪስ አልነበረውም፤ ነበረው፣ ግን ከታች ክፍት ነው። ማኅበሩ ለአባላቱ አሳቢ በመሆኑ ከሳልባጅ ተራ አንድ አረንጓዴ የሱፍ ካፖርት ገዛለት። ኪሱ እስከ ክርን ያስገባል። የአሶሳን የሚያዝያ ፀሐይ የሚያውቅ ሰው የሱፍ ካፖርት ምን ዓይነት ስጦታ እንደሆነ ይገባዋል። ጋሽ ኪዳኔ ላቡ ከአገጩ እየተንጠባጠበ፣ እጁን ቀብሮ፣ ከቤት ቤት ይዞር ጀመር። ሰው ወባ የያዘው መስሎት ይማርህ ይለዋል።

ውጤቱ አስደናቂ ነበር። በሁለት ሳምንት ውስጥ በከተማው አንድም ምሰሶ “ቦፍ” አላለም። ምስጥ የጠፋ እስኪመስል ድረስ ሰላም ሆነ። እውነት ነው፣ አሥራ አራት ሰው እጁን ኪሱ ከትቶ ሲሄድ ያዩ ሱቀኞች ዕቃቸውን ወደ ውስጥ ማስገባት ጀምረዋል። ሙርሳልም አክስቱን ዓኢሻን መንገድ ላይ አግኝቶ እጅ ስላልነሣት ወር ሙሉ ኮርፋበታለች። ለሙያ ክብር ግን መሥዋዕትነት ግድ ነው።

ከዚህ ድል በኋላ ማንጎው ለክብራችን አልመጥን አለ። አቶ ታፈረ ስለ ክብር እየተናገሩ ሳለ አንድ የበሰለ ማንጎ ራሳቸው ላይ ወደቀ፤ እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ ስለነበር ጭማቂው እስከ ንግግሩ መጨረሻ ፊታቸው ላይ ወረደ። በዚያው ዕለት ማኅበሩ አዳራሽ እንዲኖረው ተወሰነ። የማፈላለጉ ኃላፊነት ለአንድ ታማኝ አባል ተሰጠ። ታማኙ አባል በሦስት ቀን ውስጥ አገኘ፤ ግድግዳው አረንጓዴ፣ መሐሉ ላይ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ የፕላስቲክ አበባ የተንጠለጠለበት ወፍራም ምሰሶ ያለው አዳራሽ።

የአዳራሹ ውል በአዲሱ አንቀጽ ሙሉ በሙሉ ሲመራ የመጀመሪያው ነው። አሥራ አራታችን ገባን፤ እጅ በኪስ። ጣሪያውን አየን፣ አበባውን አየን፣ በአገጭ ተስማማን። ጋሽ ኪዳኔ ብቻ ምሰሶው ሥር ያለውን ወለል ትኩር ብሎ አየ። ምስጥ ሲመላለስ የሚሠራው ቀጭን የአፈር መስመር ነበር። ቀና ብሎ እኔን አየኝ። እኔ ወረቀቴን አየሁ። ውሉ በዚያው ቀን ተፈረመ።

የምረቃው ስብሰባ ሁለት አጀንዳ ነበረው። አንደኛው ጋሽ ኪዳኔ በይፋ ይቅርታ እንዲጠይቅ፣ ሁለተኛው የሺሀረግ የሮዙን ቤት ውል በአባላት ፊት እንድትፈርም። አቶ ታፈረ የሰውየው ጣት የነርቭ ሕመም እንዳለበት፣ ይህንንም ራሱ እንደሚመሰክር ነግረዋት ነበር። አከራዩም የሰርጉን ድንኳን ደጇ ላይ ማራገፍ ጀምሯል። ሌላ ቤት የሚያሳያት አልተገኘም፤ ማኅበሩ እርስ በርሱ ስለሚከባበር የሰብሳቢውን ደንበኛ የሚነካ የለም። እናቷን ደግፋ መጣች። እማማ የዝናን በክብር ቦታ፣ ምሰሶው ሥር፣ ለስላሳ ወንበር ላይ አስቀመጥናቸው። እኔ በር አጠገብ ተቀመጥኩ።

ጋሽ ኪዳኔ በካፖርቱ ተነሣ። ላብ በላብ ሆኗል።

“ስላንኳኳሁ ይቅርታ” አለ። ጭብጨባ ሊከተል ነበር፤ እጅ የለም። በእግር መታን። እሱ ግን አልተቀመጠም። “የነርቭ ሕመም የለብኝም። እጄንም ከኪሴ አላወጣም፤ ቃሌ ነው። ግን አንቺ ልጅ፣ እናትሽን ይዘሽ እዚያ ቤት ከመግባትሽ በፊት…”

እዚህ ላይ የአባላት ሙያዊ ስሜት ገነፈለ። አንዱ ሥነ ሥርዓት አለ፣ ሌላው ስሜትህን እጋራለሁ አለ፣ አሥሩ በእግሩ መሬቱን ደበደበ። ጋሽ ኪዳኔ አፉ ይንቀሳቀሳል፤ ምን እንደሚል አይሰማም። የሺሀረግ እስክሪብቶውን ይዛ አንዴ እሱን፣ አንዴ አቶ ታፈረን ታያለች። አቶ ታፈረ ጸጥታ ለማስከበር ሦስት ጊዜ ጮኹ፤ የሚሰማ ጠፋ። በመጨረሻ ሰብሳቢነታቸው አየለና ቀኝ እጃቸውን ከኪሳቸው መዝዘው አጠገባቸው ያለውን ምሰሶ በጡጫ መቱት።

ቦፍ።

አዳራሹ ጸጥ አለ። በማኅበሩ ታሪክ እንዲህ ያለ ጸጥታ ሰፍኖ አያውቅም። ከምሰሶው አናት ቡናማ ዱቄት ወርዶ ውሉ ላይ፣ በተለይም “ገዢ” በሚለው ቦታ ላይ፣ ተቆለለ። ከዚያ ጣሪያው ቆርቆሮው በቆርቆሮው ላይ ሲፋጭ ተሰማ።

ማንም አልጮኸም፤ እኛ ባለሙያዎች ነን። አንዱ ስልክ ተደወለልኝ አለ፤ ስልኩ አልጮኸም። ሌላው ንጹሕ አየር ያስፈልገኛል አለ። ሦስተኛው ሽንት ቤት ፈለገ። በሦስት ቅጽበት ውስጥ ሃያ ሦስት እጅ ከኪሱ ወጥቶ በሩን ያዘ። እኔ ቀድሞውንም ውጭ ነበርኩ። ዞር ስል እማማ የዝና እዚያው ወንበራቸው ላይ ነበሩ። አንድ እግራቸውን አሳርፈው ሌላውን ለማንሣት ይታገሉ ነበር። የሺሀረግ እጃቸውን ትጎትታለች፤ ወንበሩ አይለቃቸውም።

ጋሽ ኪዳኔ ሁለቱንም እጆቹን ከካፖርቱ አወጣ። ሙርሳል ከደጅ ተመልሶ ገባ። አንዱ በብብታቸው፣ ሌላው በጉልበታቸው አንሥተው ሲያወጧቸው የጋሽ ኪዳኔ ፊት የሃምሳ ዓመት ሰው ፊት አልነበረም። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ፊት ነበር። ይህን ያየሁት በር ላይ ስለነበርኩ ነው፤ ባላየው ይሻለኝ ነበር። ከበሩ አምስት እርምጃ እንደራቁ የጣሪያው ግማሽ የክብር ወንበሩ ላይ ወረደ።

አቧራው ሲረጋ የሺሀረግ የእናቷን ነጠላ አራገፈችና ወደ አቶ ታፈረ መጣች። አቶ ታፈረ ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈው ነበር።

“አቶ ታፈረ፣ የሮዙም ቤት ምሰሶ እንዲህ ነበር ያለው” አለች።

አቶ ታፈረ ከቦርሳቸው ላይ አቧራ ጠረጉ።

“እህቴ” አሉ፣ “ስሜትሽን እጋራለሁ።”

በሳምንቱ ማኅበሩ ማንጎው ሥር፣ ለጊዜው በሚል፣ ተሰብስቦ ጉዳዩን በጥልቀት መረመረ። የሰብሳቢው ምት ማንኳኳት ሳይሆን የጸጥታ ማስከበር ተግባር መሆኑ በአገጭ ጸደቀ። ከዚያ የአደጋው ጥፋተኛ ተፈለገ። አቶ ታፈረ ጋሽ ኪዳኔን እንደዚህ መረመሩት፦

“ምሰሶው መበላቱን ታውቅ ነበር?”

“አፈሩን አይቻለሁ።”

“ታዲያ ለምን አላንኳኳህም?”

“እጅህን ከኪስህ አታውጣ ብላችሁኛላ።”

“የአሥራ ሦስት ባልደረቦችህን ሕይወት ከኪስ አሳንሰህ አየህ ማለት ነው” አሉ አቶ ታፈረ፤ ድምፃቸው በሐዘን ተሰበረ። ውሳኔው ሁለት ነጥብ አለው። አባሉ ማንኳኳት ሲገባው ባለማንኳኳቱ ከፍተኛ የሙያ ቸልተኝነት ፈጽሟል። እንዲሁም አዳራሽ ውስጥ ሁለት እጁን ከተፈቀደው ደቂቃ በላይ አውጥቶ አሮጊት በመሸከሙ አንቀጽ ዘጠኝን ጥሷል። በሁለቱም ተሰናበተ። ሙርሳልም በሁለተኛው ነጥብ ማስጠንቀቂያ ሊጻፍለት ሲል፣ ወረቀቱን አትጨርሱ፣ እኔም እወጣለሁ ብሎ ተነሣ።

ጋሽ ኪዳኔ ካፖርቱን አወለቀ፣ አጣጠፈ፣ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። “ለሚቀጥለው ሰው ይሆናል” አለኝና በሸሚዙ ሄደ። ነፋስ ሲያገኘው ትከሻው ቀለለው፤ ከኋላው አየሁት።

የሺሀረግ የሙርሳልን አክስት የዓኢሻን ቤት ገዛች። ዓኢሻ ቤቱን ስታሳይ “ይሄ ቤት አማና ነው፣ አደራ ነው፣ አንተ ራስህ ምታ” ብላ ጋሽ ኪዳኔን ምሰሶው ጋ አቆመችው አሉ። ኳ አለ። ቀለሙ ያረጀ ነው፣ ማንጎ የለውም፣ እማማ የዝና ግን ክረምቱን በሰላም ይዘውታል። ጋሽ ኪዳኔ አሁን ደላላም አገናኝ ባለሙያም አይደለም። ሰው ቤት ሊገዛ ሲል ይጠራዋል፤ ይሄዳል፣ አንዴ ያንኳኳል፣ ይመለሳል። የሮዙ ቤት እስካሁን አልተሸጠም።

አንድ ነገር ከቃለ ጉባኤው ውጭ ልናገር። አዳራሹን ያገኘው ታማኝ አባል እኔ ነኝ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሉ የለ? ውሉ ከመፈረሙ በፊት ለብቻዬ ገብቼ ምሰሶውን አንኳኩቼዋለሁ። ነጩን ጨርቅ የጠቀለልኩትም፣ አበባውን የገዛሁትም ከዚያ በኋላ ነው። እኔ የምኖርበትን ቤት የተከራየሁ ጊዜ ደግሞ ጋሽ ኪዳኔን ለምኜ ይዤው ሄጃለሁ፤ ክፍል በክፍል አስንኳኩቻለሁ። እማማ የዝናን እዚያ ወንበር ላይ ያስቀመጥኳቸውም በዚህች እጄ ነው። ያን ቀን ካሰብኩት እንቅልፍ የለኝም፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ አላስበውም።

ሥራ ደግሞ ይቀጥላል። አዳራሹ ተጠግኖ ለኪራይ ቀርቧል። ጣሪያው አዲስ ነው። ምሰሶው የቀድሞው ሲሆን ሁለት እጅ ቀለም ተቀብቷል፣ አበባውም ተለውጧል። ለሰርግ፣ ለስብሰባና ለሥልጠና ይሆናል። ለማየት የምትፈልጉ ዘወትር ጠዋት ማንጎው ሥር ታገኙኛላችሁ። ስትመጡ ብቻ፣ ለሙያው ክብር ስትሉ፣ እጃችሁን ኪሳችሁ ውስጥ አድርጋችሁ እንድትገቡ በትሕትና እጠይቃለሁ። ኪስ ለሌላችሁ ካፖርት አለን።